ጭማሪ፣ ሰርቪስ፣ ሥልጠና ወይስ አለቃውን ማስተካከል? ሠራተኛን ስለማቆየት ለደብረ ብርሃን አሠሪዎች የቀረበ ንጽጽር

«ሰው አይበረክትልኝም፤ ምን ልጨምርላቸው?» ደብረ ብርሃን ላይ ከአሠሪዎች ጋር በተቀመጥሁ ቁጥር የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይህ ነው። ጠያቂው አንዳንዴ የልብስ ስፌት ድርጅት ባለቤት ነው፣ አንዳንዴ የዱቄት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ አንዳንዴ ሆቴል የምታስተዳድር ሴት። በፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከቅጥር ፎርም ይልቅ የመልቀቂያ ደብዳቤ በብዛት ያገላበጥሁባቸው ወራት ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ያተረፍሁት አንድ እምነት አለ። አሠሪ ሠራተኛ ለማቆየት የሚያወጣው ገንዘብ በአብዛኛው የሚባክነው ለአንዱ በሽታ የሌላውን መድኃኒት ስለሚገዛበት ነው። በሁለተኛ ሳምንቷ የጠፋችውን ኦፕሬተር የዓመት ቦነስ አያስመልሳትም። ስድስት ዓመት የቆየውን መካኒክ ደግሞ የምሳ ኩፖን አያስቀረውም።

ስለዚህ አማራጮቹን ከማወዳደራችሁ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ። ባለፉት 12 ወራት የለቀቁትን ሁሉ ጻፉ፤ የሥራ መደባቸውን፣ የገቡበትንና የወጡበትን ቀን፣ አለቃቸው ማን እንደነበር፣ አሁን የት እንዳሉ። የመጨረሻውን ከደብዳቤው አታገኙትም፤ ደብዳቤው ሁልጊዜ «በግል ጉዳይ ምክንያት» ይላል። ከወር በኋላ ደውሉላቸው። ክሊራንሱን ጨርሶ ሒሳቡን የተቀበለ ሰው እውነቱን ከመናገር የሚያግደው ነገር የለም። ገጹ ሲሞላ ብዙ ጊዜ ከሦስት ወገን አንዱ በዝቶ ይታያል፤ ገና በሙከራ ጊዜ የሚጠፉ፣ ሥራውን ለምደው በዓመት በሁለት ዓመት የሚሄዱ፣ የሙያ እጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ የሚገቡ ነባሮች። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ በዚህ ክፍፍል ላይ የቆመ ነው።

የአንድ ሰው መሄድ ስንት ያወጣል?

«የወጣ ይተካል» የሚል አሠሪ ብዙ ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኩ በርና በየድርጅቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የሚቆመውን ሥራ ፈላጊ ሲያይ እውነት ይመስለዋል። ስሌቱን ግን በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት። ለምሳሌ በ6,000 ብር ደመወዝ አዲስ የስፌት ኦፕሬተር ቀጠራችሁ እንበል። በመጀመሪያው ወር የነባሯን ግማሽ፣ በሁለተኛው ወር ሦስት አራተኛውን ብታመርት፣ ምርት ላላገኛችሁበት ጊዜ 4,500 ብር ከፍላችኋል። በዚያ ላይ አጠገቧ ቆሞ የሚያሳያት ሰው ጊዜ፣ የተበላሸው ጨርቅ፣ ቦታው ባዶ በነበረበት ጊዜ ለሌሎቹ የተከፈለው ትርፍ ሰዓት አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቀኑን ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለውን በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀኑን በ2፣ የሕዝብ በዓሉን በ2.5 አባዝቶ ያስከፍላል። ይህን ደምሮ ሳያይ «ጭማሪ ውድ ነው» የሚል አሠሪ የሚያወዳድረው ነገር በእጁ የለም።

የደመወዝ ጭማሪ

ጭማሪ ፈጥኖ ይሠራል፣ ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ለተቀበለው ሰው ክብር አለው። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንዴ ከሰጣችሁት መልሳችሁ አትወስዱትም። ደግሞም ከእናንተ ኪስ የወጣው ሁሉ ሠራተኛው እጅ አይደርስም። 15,000 ብር የሚከፈለው መካኒክ 2,000 ብር ጨመራችሁለት እንበል። በ11 በመቶው የአሠሪ የጡረታ መዋጮ ምክንያት ወጪያችሁ 2,220 ብር ይሆናል። ከሠራተኛው ደግሞ 35 በመቶ የገቢ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ይቀነሳል፤ እጁ የሚገባው 1,160 ብር ነው። እናንተ 2,220 ብር ሰጥቻለሁ ብላችሁ ምስጋና ስትጠብቁ እርሱ የሚያየው 1,160 ብር ነው፤ ብዙ ቅሬታ የሚጀምረው ከዚህ ክፍተት ነው። በዝቅተኛ ደመወዝ ላይ ግብሩ ስለሚያንስ ክፍተቱም ይጠባል።

ጭማሪ የሠራተኛን ፍልሰት አቆመ ሲባል ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የአሜሪካዊው መኪና አምራች የሄንሪ ፎርድ ፋብሪካ ነው፤ ታሪኩ ግን በሙሉ ሲነገር ነው የሚጠቅመው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 ፎርድ 14,000 ገደማ ሠራተኛ በሥራ ላይ ለማቆየት በዓመቱ ከ52,000 በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት። በጥር 1914 የቀኑን ክፍያ ከእጥፍ በላይ አሳድጎ 5 ዶላር አደረገው፤ ፍልሰቱም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደቀ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ጭማሪው ከጎረቤት ፋብሪካ ጋር ሊነጻጸር የማይችል ትልቅ ነበር። በዚያው ቀን የሥራ ሰዓቱም ከዘጠኝ ወደ ስምንት ወርዷል። ለሁሉም እኩል የሚበተን አምስት በመቶ ጭማሪ የዚህ ታሪክ ዘመድ አይደለም፤ ወጪው በየወሩ ይቀጥላል፣ ሠራተኛውም በሁለተኛው ወር ይረሳዋል።

ስለዚህ ጭማሪን ለሦስተኛው ወገን አስቀምጡ፤ ለመተካት ወራት ለሚፈጅ ሙያተኛ፣ ክፍያው ከገበያው በግልጽ ወርዶ ከተገኘ። ከሁሉ በፊት ደግሞ አዲስ ተቀጣሪ ከነባሩ የበለጠ እየተከፈለው እንዳይሆን ፈትሹ። አዲስ ሰው በከፍተኛ ደመወዝ አስገብቶ አስተማሪው ነባሩ እንዲሆን ማድረግ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ነው። ደመወዝ በካፍቴሪያ ይነገራል፤ የሚደበቅ ነገር አይደለም።

ጭማሪ ለመስጠት አቅም የሌለው ድርጅት ቢያንስ ደመወዙን በቀኑ ይክፈል። የቤት ኪራይ የሚጠየቀው በወሩ መጀመሪያ ነው። ደመወዝ ለአምስት ቀን ሲዘገይ ሠራተኛው ለአከራዩ ደጅ ይጠናል፣ ከሱቅ በዱቤ ይወስዳል። ይህን ሁለት ጊዜ ያየ ሰው ሦስተኛውን አይጠብቅም።

ቦነስ

የመቆያ ቦነስ ከጭማሪ የሚሻለው ቋሚ ግዴታ ስለማያስከትል ነው። ለሁለተኛው ወገን ይሠራል፤ በሙከራ ጊዜ ላለው ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። አከፋፈሉ ወሳኝ ነው። በአንድ ጊዜ በፋሲካ የሚከፈል ከሆነ ሰው ከበዓሉ ማግሥት ይሄዳል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ነሐሴ መጨረሻ፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም በሚገዛበት ጊዜ፣ ሌላውን ጥር ላይ ስጡ። አንድ ቀን በታመመ ሰው ላይ ሙሉ በሙሉ የሚቀር የመገኘት ቦነስ ግን አታውጡ፤ የታመመችውን ሴት እያሳለች ማሽን ላይ ያስቀምጣታል።

ሰርቪስና ምሳ

እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ በደብረ ብርሃን ይህ ነገር ከሌላ ቦታ የበለጠ ይከብዳልና። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ይነጣል።

አንድ ጊዜ፣ የጠዋት ፈረቃ ሠራተኞች ለምን በብዛት እንደሚያረፍዱ እንዳጣራ ታዝዤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጠባሴ አካባቢ ከእነርሱ ጋር ቆምሁ። አሥራ ሁለት ሴቶችና አራት ወንዶች ነበሩ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው እግራቸውን እየቀያየሩ ይረግጣሉ። አንዷ ምሳ ዕቃዋን ጋቢዋ ውስጥ ሸሽጋለች፤ ወጡ እንዳይረጋባት ነው። ሰርቪሱ የመጣው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነበር። ፋብሪካ ስንደርስ የመግቢያ ሰዓቱ አልፏል፤ ጥበቃው በመዝገቡ ላይ አሥራ ስድስቱንም «አርፋጅ» ብሎ ጻፋቸው። የወሩ መጨረሻ ላይ ከደመወዛቸው ተቆረጠ። ድርጅቱ ራሱ ባመጣው መኪና ስላረፈዱ ተቀጡ ማለት ነው። ያን ወር ከአሥራ ስድስቱ አምስቱ ለቀቁ። ሁሉም ደብዳቤያቸው ላይ የጻፉት «በግል ጉዳይ» ብለው ነው።

በኢትዮጵያ በአምስት ኩባንያዎች ሥራ ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ወጣቶችን ተከታትለው በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውጤቱን ያሳተሙት ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ሥራውን ካገኙት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ እንደለቀቁ አግኝተዋል። የፋብሪካው ክፍያ ውጭ ከሚገኘው ሥራ የተሻለ አልነበረም፤ የጤና ችግሩ ግን የባሰ ነበር። ሠራተኛው ፋብሪካን እንደ ጊዜያዊ መጠለያ አየው። ከመንዝ፣ ከጣርማበር፣ ከባሶና ወራና ቀበሌዎች የመጡ ልጆችን የሥራ መጀመሪያ ሳምንታት በቅርብ ላየ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ልጅቷ አራት ሆና በተከራየችው ክፍል ታድራለች፣ ሌሊት ትነሣለች፣ ቀኑን ሙሉ ትቆማለች፣ የመጀመሪያ ደመወዟ ከኪራይና ከምግብ አይተርፍም። አዝመራ ሲደርስ ወይም ጥምቀት ሲቃረብ አገሯ ትገባለች፤ ለመመለስ ምክንያት ያጣች ሰው አትመለስም።

ለዚህ ወገን ሰርቪስና ትኩስ ምሳ ከተመሳሳይ የገንዘብ ጭማሪ ይበልጣሉ ብዬ በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ጎረቤት ድርጅት 300 ብር ጨምሮ ሊወስዳት ሲመጣ የምታሰላው ብሩን ብቻ ሳይሆን የሌሊቱን መንገድም ነው። በግብር በኩልም አንድ ነገር አለ፤ አምራች ድርጅት ለሠራተኞቹ በነጻ የሚያቀርበው ምግብና መጠጥ በገቢ ግብር ደንቡ ከግብር ነጻ ከተደረጉት ጥቅሞች አንዱ ነው። የሚፈቀደውን መጠን ከሒሳብ ባለሙያችሁ ጋር አረጋግጡ። ድክመቱ ደግሞ ይህ ነው፤ ሰርቪስ ሲቋረጥ ወይም ሲዘገይ ከነጭራሹ ካለመኖሩ የባሰ ያስቆጣል። መኪና የምትኮናተሩ ከሆነ ውሉ ላይ የመድረሻ ሰዓትና የመዘግየት ቅጣት ይግባ፤ ቅጣቱ ባለመኪናው ላይ እንጂ ሠራተኛው ላይ አይረፍ።

ብድርና ቁጠባ

ይህ በብዙ ድርጅት የተረሳ ግን ለሁለተኛው ወገን በጣም የሚበጅ አማራጭ ነው። የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር እንዲመሠረት መርዳት፣ መነሻ ገንዘብ ማስገባት፣ ወይም ለቤት ኪራይ ቅድሚያ፣ ለልጅ ሕክምናና ለለቅሶ ያለ ወለድ ብድር መስጠት። ገንዘቡ ተመልሶ ስለሚመጣ ከጭማሪ ይረክሳል። ሆኖም ከደመወዝ የሚቀነሰው ሁሉ ተደምሮ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ አዋጁ ይከለክላልና መክፈያ ጊዜውን በዚያው ልክ አርዝሙት። ብድርን ሰውን አስሮ ለማስቀመጥ አታውሉት፤ በዕዳ የቀረ ሠራተኛ አካሉ እዚህ ልቡ ሌላ ቦታ ነው።

ሥልጠናና የአገልግሎት ግዴታ

ሥልጠና ላይ አሠሪዎች የሚፈሩት «አሠልጥኜ ለአዲስ አበባ ላስረክብ?» የሚለውን ነው። ከተማችን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለምትርቅ ፍርሃቱ መሠረት አለው። መፍትሔ ተብሎ የሚወሰደው የግዴታ ውል ነው፤ ሥልጠና የወሰደ ሰው ለተወሰነ ጊዜ እንዲያገለግል፣ ካልሆነ የወጣበትን እንዲመልስ ማስፈረም። ተመጣጣኝ ሲሆን ይሠራል። የሁለት ሳምንት ሥልጠና ሰጥቶ የሦስት ዓመት ግዴታ ማስፈረም ግን ሥልጠናውን ራሱን ያስጠላል። ጥሩ ሠራተኞች «ይቅርብኝ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

በማስፈራራት ማቆየት እንደማይቻል ሕጉም ያሳያል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ሳያስጠነቅቅ ቢሄድ እንኳ የሚጠየቀው ካሣ ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። የሥራ ልምድ ደብዳቤ መከልከል ደግሞ ሕገወጥ ነው፤ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ደብዳቤ ለማግኘት ሦስት ወር የተመላለሰ ሰው ታሪኩን በየቀዬው ይናገራል። በእኛ ከተማ ስፋት ይህ ወሬ ከማንኛውም የቅጥር ማስታወቂያ ቀድሞ ይሄዳል።

ሥልጠና ሰው የሚያቆየው ከእርከን ጋር ሲተሳሰር ነው። ረዳት መካኒኩ የትኛውን ማሽን ብቻውን መጠገን ሲችል ወደ የትኛው ደረጃ እንደሚያልፍ፣ ደመወዙም ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ በጽሑፍ ይወቅ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በቅርባችሁ ስላሉ በቅዳሜና በማታ መርሐ ግብር መማር ለሚፈልግ ፈረቃውን ማስተካከል ምንም ያህል አያስወጣም። በሦስተኛው ወገን ላይ ከጭማሪ ቀጥሎ አንደኛ የማስቀምጠው ይህንን ነው፤ ውጤቱ ግን ዓመት ይፈጃል።

አለቃውን ማስተካከል

መጀመሪያ ላይ ባዘጋጃችሁት ገጽ ላይ «አለቃቸው ማን ነበር» የሚለውን እንድትጽፉ ያልሁት ለዚህ ነው። የለቀቁት በአንድ ስም ሥር ከተሰበሰቡ ሌላውን አማራጭ ሁሉ ለጊዜው አቆዩት።

አንድ የጥገና መካኒክ ነበር፤ ስድስት ዓመት የሠራ፣ ድምፁን ሰምቶ የማሽኑን ብልሽት የሚያውቅ። አንድ ሰኞ ጠዋት በአራት የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ቆመ። ተቀመጥ አልሁት። እጁ ላይ ያለውን ግራሶ በጨርቅ እየጠረገ ዝም አለ። የጭማሪ ጥያቄ መስሎኝ ሥራ አስኪያጁን አስፈቅጄ 2,000 ብር እንደሚጨመርለት ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀ። «ገንዘቡ አይደለም ወንድሜ። እናቴ መሐል ሜዳ ታማ አምስት ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠየቅሁ። ሱፐርቫይዘሩ ሰው ፊት ‹የአንተ እናት በየወሩ ነው የምትታመመው?› አለኝ። በማግሥቱ ሥራ ገባሁ። እርሷ በሦስተኛው ቀን ዐረፈች።» ከዚያ በኋላ የምናገረው አልነበረኝም። አዋጁ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲገጥም ያለ ደመወዝ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ፈቃድ እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ ያ ሱፐርቫይዘር ግን ይህን ማንም አላስተማረውም ነበር። ጎበዝ ቴክኒሻን ስለነበረ ብቻ አለቃ ተደርጎ ነው። መካኒኩን ለመተካት አምስት ወር ፈጀብን።

የዚህ አማራጭ ወጪ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ የሚጠይቀው ድፍረት ግን ይበዛል፤ ሱፐርቫይዘሩ ብዙ ጊዜ ለባለቤቱ ቅርብ ሰው ወይም ምርት የሚያወጣ ሰው ነውና። እኔ የምመክረው ሦስት ነገር ነው። የአስቸኳይ ፈቃድ ውሳኔ በአንድ ሰው አፍ ላይ አይንጠልጠል፤ በሱፐርቫይዘሩ ላይ በዚያው ቀን ይግባኝ የሚባልበት ሰው ይኑር። የሱፐርቫይዘሩ ምዘና ውስጥ ምርት ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ስንት ሰው እንደለቀቀም ይግባ። ሰው ፊት መሳደብን በጽሑፍ ከልክሉ፤ አንዴ ተፈጽሞ ሲገኝ ደግሞ በእርግጥ ቅጡ። ተስፋ የሌለውን አለቃ በደመወዙ ወደ ቴክኒክ ሥራው መመለስ ይቻላል፤ ብዙዎቹ ራሳቸውም እፎይ ይላሉ። ይህ አማራጭ ለሦስቱም ወገን ይሠራል፤ ውጤቱም በአንድ ሁለት ወር ይታያል።

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ

የለቀቁት አብዛኞቹ የመጀመሪያዎቹን 60 የሥራ ቀናት፣ ማለትም የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሱ ከሆኑ ሰርቪስና ምሳ ላይ አውጡ፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ ከነባር አንድ ሰው መድቡለት። ዓመትና ሁለት ዓመት የቆዩ ከሆኑ ብድርና ቁጠባውን ከሁለት ጊዜ ቦነስ ጋር ምረጡ። ነባር ሙያተኞች ከሆኑ ጭማሪውን ለእነርሱ ብቻ ስጡ፣ እርከኑንም ጻፉላቸው። በሆቴል ሥራ ላይ ላላችሁ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። አስተናጋጅና ምግብ አብሳይ ማታ አምሽተው ሲወጡ ወደ ቤት የሚያደርሳቸው ካለ፣ የዕረፍት ቀናቸውም በየሳምንቱ የታወቀ ከሆነ፣ በደመወዝ ከሚበልጣችሁ ሆቴል ጋር መፎካከር ትችላላችሁ።

የሒሳብ ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ የለቀቁትን ገጽ ግንቦት ላይ ሙሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ከመጽደቁ በፊት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ገጹን የሚሞላው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ አይሁን፤ ከየፈረቃው አንድ ሠራተኛ አብሮ ይቀመጥ፤ ማን የት እንደሄደ ከሁሉም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።